የማዳባ ቅዱስ ጊዮርጊስና በወለሉ ላይ ያለችው ኢየሩሳሌም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶች፤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የማይመኝ ኢትዮጵያዊ ምእመን ማን ነው? በጆርዳን ለምትሠሩት ግን ከተማዪቱ ከወንዙ ማዶ ቅርብ ሆና ሳለ መሻገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከወንዙ ወዲህ፣ ከአማን በስተ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በማዳባ ከተማ ስላለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንማራለን።

ሕንፃው ብዙ ዘመን ያስቆጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ከከረክ የመጡ ክርስቲያኖች ፈርሳ በቆየችው ማዳባ ሰፈሩ። በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይም ይህን አነጹ፤ በ1896 ተፈጸመ። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ በዙሪያ የተከፈለበትን የአገራችንን ክብ ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው፣ ይህ በዓምዶች የተከፈለ ረጅም አዳራሽ ይመስለዋል። ሀብቱ ያለው ወለሉ ላይ ነው።

በወለሉ ላይ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከትንንሽ ባለ ቀለም ድንጋዮች የተሠራ የቅድስት ሀገር ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. በ542 የተመረቀችው የኢየሩሳሌም አዲሲቱ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ስለምትታይበት፣ የተሠራው ከዚያ ወዲህ መሆኑ ይታወቃል። ግንበኞቹ አዲሶቹን ዓምዶች በላዩ መትከላቸው ያሳዝናል፤ ብዙው ክፍል ጠፍቷል።

ካርታው የሚነበበው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነው፤ የሚጸልይ ሰው እንደሚቆመው ማለት ነው። በዮርዳኖስ ወንዝ ውስጥ አንድ ዓሣ ከጨው ባሕር ሸሽቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በጨው ባሕር ዓሣ አይኖርምና። በመካከል ኢየሩሳሌም በቅጥሯና በበሮቿ አለች። በዋናው መንገድ አጠገብ፣ ጣራው ወደ ታች ተገልብጦ የተሣለው የጌታችን የቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። በኋላ ፈርሶ እንደገና ቢታነጽም ቦታው ያው ነው፤ የዴር ሱልጣን አባቶቻችን ዛሬም በጣራው ላይ ይኖራሉ።

አንዳንድ እኅቶች «ኦርቶዶክስ ከሆነ እንቁረብ ወይ?» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የግሪክ ኦርቶዶክስ ነው። ከኬልቄዶን ጉባኤ (451) ወዲህ ከእነርሱ ጋር የቁርባን አንድነት የለንም። ስለዚህ ገብታችሁ ጸልዩ፣ ጧፍ አብሩ፤ ለቅዱስ ቁርባን ግን የራሳችሁን ካህን አማክሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።