ባለ ወረቀት ውሻ ላማረው ወጣት

ልጄ፣ የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ልትገዛ፣ ሲያድግም ውድድር ልታስገባው እንዳሰብክ እናትህ ነገረችኝ። የደወለችልኝ እንድከለክልህ ነበር። አልከለክልህም። እዚህ ቨርጂኒያ ከሼፐርድ ጋር ስኖር «ለውሻ ደግሞ ይህን ያህል?» ያላለኝ ዘመድ የለም፤ ስለዚህ እኔ አክስትህ ያንን ጥያቄ ላንተ አላቀርብም። ይልቅ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ልብ ብትላቸው የሚበጁህን ነገሮች በተራ ልጻፍልህ። የሁሉም መቋጫ አንድ ነው፦ ወረቀቱ ውሻው ከየት እንደመጣ ይነግርሃል፤ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚሆን ግን አይነግርህም። እሱን የሚወስኑት የአራቢው ጥንቃቄና ያንተ የየዕለት ሥራ ናቸው።

1. ውድድሩ ለምን እንደተጀመረ ሳታውቅ አትግባበት።

ብዙ ሰው የውሻ ትርዒት የቁንጅና ውድድር ይመስለዋል። መነሻው ግን ለዘር የሚሆነውን ውሻ መለየት ነው። በአሜሪካ ኬነል ክለብ ሕግ የተኮላሸ ውሻ በመደበኛው የአቋም ውድድር የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ካልወለደ ምን ሊያወርስ? ዳኛው የሚፈርደውም ፊቱ የቆሙትን ውሾች ለየዝርያው ከተጻፈው መስፈርት ጋር እያስተያየ ነው። የሼፐርድ መስፈርት ወንዱ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ61 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ከ56 እስከ 61 እንዲሆኑ ይፈልጋል። ነጭ ሼፐርድ ከውድድር ይወጣል፤ ጆሮው የወደቀም እንዲሁ። ዳኛውን ሊነክስ የሞከረማ ወዲያው ይሰናበታል።

የዝርያው ታሪክም ይህንኑ ያሳይሃል። እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የተባለ ጀርመናዊ የፈረሰኛ መኮንን ካርልስሩኸ ከተማ በተደረገ የውሻ ትርዒት ላይ አንድ ተኩላ የመሰለ የበግ ጠባቂ ውሻ አይቶ ገዛው። ሄክቶር ይባል የነበረውን ውሻ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ስሙን ለወጠው፤ በዚያው ዓመት በተቋቋመው የዝርያው ማኅበር መዝገብ ላይም ቁጥር 1 ሆኖ ሰፈረ። ሰውየው የማረከው ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲዞር የሚውል ጉልበትና ነገር ቶሎ የሚገባው አእምሮ ነበር። መልኩ የመጣው ከሥራው በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አትርሳ።

2. ከቡችላው በፊት እናቱን እይ።

ቡችላ ሁሉ ያምራል፤ ዓይንህን የሚያታልለውም እሱ ነው። እናቱን ሳያሳይህ ቡችላውን መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ላስረክብህ የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ተመለስ። እናቲቱ እንግዳ ሲገባ ምን ታደርጋለች? ከጠረጴዛ ሥር ትገባለች? ጥርሷን ታሳያለች? ወይስ መጥታ አሽትታህ ትተኛለች? ፍርሃትም ቁጣም ይወረሳል፤ ቡችሎቹም አብረዋት ሲውሉ ከእሷ ይማሩታል።

ሼፐርድ በዳሌና በክርን መገጣጠሚያ ችግር የታወቀ ዝርያ ነው። ስለዚህ የሁለቱንም ወላጆች የራጅ ውጤት ጠይቅ። በአሜሪካ ይህን የሚመዘግበው ኦ.ኤፍ.ኤ. የተባለው ድርጅት የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላትን ውሻ ያስወለደ አራቢ ይህን ውጤት ሳይጠብቅ ነው ያስወለዳት ማለት ነው።

የምዝገባ ወረቀቱንም አንብበው። ወረቀቱ ወላጆቹ የተመዘገቡ መሆናቸውን እንጂ ውሻው ጤነኛ ወይም ምርጥ መሆኑን አይመሰክርም። ደግሞ የተወሰነ ምዝገባና ሙሉ ምዝገባ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። በተወሰነ ምዝገባ የተሸጠ ውሻ በአቋም ውድድር አይገባም፤ ልጆቹም አይመዘገቡም። ይህን ከከፈሉ በኋላ ሰምተው ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ።

3. የዘር ሐረጉን እንደ አያቶችህ ቁጠር።

እኛ ዘር የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው፤ የምንቆጥረውም እንዳንጋባ ነው። በውሻ ዓለም ግን ወረቀቱ ላይ አንድ ስም ሁለትና ሦስት ቦታ ተደጋግሞ ብታገኘው ስህተት አይምሰልህ። የአንድ ሻምፒዮን ደም እንዲጠነክር አራቢው አውቆ ያደረገው ነው። መልክ ቶሎ ይገጥማል፤ የተደበቀ በሽታም አብሮ ይገጥማል። ሒሳቡን ልንገርህ፦ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድምና እህት ቢጋቡ የልጃቸው የዝምድና መጠን 25 በመቶ ነው፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ከሆነ 12.5፣ የአጎት ልጆች ከሆኑ 6.25። አራቢውን ይህን ቁጥር ጠይቀው። ቁጥሩን የሚያውቅ አራቢ ጥያቄህ ደስ ያሰኘዋል፤ የማያውቀው ይቆጣል።

የብሪታንያው ኬነል ክለብ እንኳ ወላጅ ከልጁ፣ ወንድም ከእህቱ ተዳቅለው የሚወለዱ ቡችሎችን አልመዘግብም ያለው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ይህም በ2008 ቢቢሲ ያቀረበው ዘጋቢ ፊልም ሕዝቡን ካስቆጣ በኋላ። ሰባት ቤት ቁጠር ማለቴ አይደለም፤ በውሻ ዘንድ የማይሆን ነገር ነው። ግን ያደግህበትን ጥንቃቄ በር ላይ ጥለኸው አትግባ።

4. ትምህርቱን ቤት በገባበት ቀን ጀምር።

ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንቱ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በስምንት ሳምንቱ ስትረከበው ከዚያ ጊዜ ግማሽ ያህሉ አልፏል። ክትባቱ እስኪሟላ ሌላ ውሻ የሚመላለስበት መሬት ላይ አታውርደው፤ ግን አቅፈኸው ዙር። ነጠላ የለበሱ እናቶችን፣ ከዘራ የያዙ አባቶችን ይይ። ቡና ሲወቀጥ፣ ጃንጥላ ሲከፈት፣ ከበሮ ከሩቅ ሲመታ ይስማ። በሦስት ወሩ ያላየውን በሁለት ዓመቱ መወዳደሪያው ሪንግ ውስጥ ድንገት ቢያየው ይደነግጣል፤ የደነገጠን ውሻ ደግሞ ማንም ዳኛ አይመርጠውም።

ከሁሉ በፊት «ቁም» የሚለውን አስተምረው። ሰው ሁሉ በ«ቁጭ» ነው የሚጀምረው፤ እንዲህ የለመደ ውሻ ዳኛው ፊት ስትቆም እሱ ቁጭ ይልብሃል። ቤት ውስጥ ሁላችሁም አንድ ቃል ተጠቀሙ። አንተ በአማርኛ፣ እህትህ በእንግሊዝኛ፣ እናትህ በእጇ የምታዙት ውሻ ማንንም አይሰማም።

5. ጉርሻህ በሰዓቱ ይሁን፤ እጅህን አታንሣበት።

ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ በጣቶችህ ይዘህ አፍንጫው ላይ አስጠጋና ቀስ ብለህ ወደ አናቱ አሳልፈው። ራሱ ወደ ላይ ሲሄድ ቂጡ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። መሬት በነካበት ቅጽበት ጉርሻው አፉ ይግባ። ሦስት ሰከንድ ዘግይተህ ብትሰጠው ግን ያጎረስከው ለመቀመጡ መሆኑ ይቀርና ተነሥቶ ስለዘለለብህ ይሆናል፤ በማግስቱም ይዘልብሃል። ከአምስት ደቂቃ በላይ አታስጠናው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ያላበሰልከውን ትዕዛዝ ይዘህ ወደሚቀጥለው አትለፍ።

ዱላ የሚያስተምረው እጅህን መፍራት ብቻ ነው። ውድድር ላይ ደግሞ የማያውቀው ሰው እጅ ጥርሱን ይገልጣል፣ ትከሻውን ይዳስሳል፣ ከኋላው ይነካዋል። እጅ ፈርቶ ያደገ ውሻ ይህን አይችለውም። «ና» ብለህ ጠርተህም አትቆጣው፤ ሻወርም አታስገባው። ሻወር ሲያስፈልገው ሄደህ አምጣው። «ና» የሚለው ጥሪ ሁልጊዜ መልካም ነገር የሚያገኝበት ይሁን፤ አንድ ቀን ገመዱ አምልጦህ ወደ አስፋልት ሲሮጥ የሚያተርፈው እሱ ነው።

6. ሪንግ ውስጥ ውሻው እንጂ አንተ አትታይ።

ኮት ልበስ፤ ኪስ ይኑረው፣ ለጉርሻው። ከውሻው ፀጉር ጋር የማይመሳሰል ቀለም ምረጥ፤ ጥቁር ሱሪ ፊት ጥቁር ውሻ አይታይም። ጫማህ የማያንሸራትት ይሁን። ቁጥርህን ግራ ክንድህ ላይ ታስራለህ፤ ውሻው በግራህ ሆኖ ዳኛውን መሐል አድርጋችሁ ትዞራላችሁ። ሼፐርድ የሚፈረድለት በሶምሶማው ነው፤ እርምጃው ረጅምና ልስልስ፣ ጀርባው ሳይዋዥቅ። ስለዚህ አንተም መሮጥ ልመድ። ስታቆመው ወደ ዳኛው ያለው የኋላ እግሩ ወደ ኋላ ወጣ ይበል፣ ሌላው ከሆዱ ሥር ይግባ። የሼፐርድ አቋቋም ይህ ነው፤ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ተለማመዱት።

የአሜሪካ ሻምፒዮን ለመባል 15 ነጥብ ያስፈልጋል። በአንድ ውድድር የሚገኘው ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ ከድሎችህ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሦስትና ከዚያ በላይ የሚያስገኙ፣ በተለያዩ ዳኞችም የተሰጡ መሆን አለባቸው። ወጪውን አስቀድመህ አስላ፤ መመዝገቢያው፣ ቤንዚኑ፣ ሆቴሉ ተደማምሮ ደመወዝ ይበላል። በቡችላ ሽያጭ እመልሰዋለሁ ብለህ የምታስብ ከሆነ አሁኑኑ ተወው።

7. በዳኛ አትኩረፍ፤ ፋሽንም አትከተል።

ስትሸነፍ ያሸነፈህን ጨብጠውና የእሱን ውሻ ልብ ብለህ እይ። ፍርዱ የአንድ ሰው፣ የአንድ ቀን አስተያየት ነው፤ ዛሬ የተጣለብህን ውሻ ነገ ሌላ ዳኛ ያነሣዋል። ነገር ግን ዳኛ ሁሉ አንድ ጉድለት እየደጋገመ ከነገረህ ጉድለቱ አለ።

ዳኞችም አብረው ሲሳሳቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ ክራፍትስ በተባለው ታላቅ ትርዒት ላይ ከዝርያው አንደኛ የወጣችው ሼፐርድ ጀርባዋ ቁልቁል ወርዶ ስትራመድ በቴሌቪዥን የታየ ጊዜ ሰው ተቆጣ። ሪባን የተሰጣት ውሻ መንጋ መጠበቅ ይቅርና ደህና መራመዷ ራሱ አጠያየቀ። አንተ ስትመርጥ በጀርባው ተዳፋት አትማረክ። ደረጃ ወጥቶ፣ መኪና ላይ ዘሎ፣ በስተርጅናውም ሳይንገዳገድ የሚሄድ ውሻ ምረጥ።

8. ለጠባዩም ማዕረግ አውጣለት።

በአቋም ውድድር የሚታየው ይዞት የተወለደው ነው፤ በታዛዥነት ውድድር የሚታየው ግን አንተ የሠራኸው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ከ200 ነጥብ ቢያንስ 170 ሦስት ጊዜ ማምጣት አለበት፤ በእያንዳንዱ ልምምድም ከግማሽ በላይ። ያለ ገመድ አጠገብህ ይሄዳል፣ የማያውቀው ሰው ሲነካው ቆሞ ይጠብቃል፣ ስትጠራው ቀጥ ብሎ ይመጣል። እዚህ የተኮላሸም ይገባል፤ ቅይጥ ዝርያም ይገባል። ከዚያ በፊት «ኬናይን ጉድ ሲቲዝን» የተባለውን የአሥር ነጥብ ፈተና ውሰድ፤ አንዱ ጥያቄ አንተ ሦስት ደቂቃ ስትሰወር ከሌላ ሰው ጋር ሳይረበሽ መቆየቱን የሚያይ ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ። ውሻህ ሻምፒዮን ሳይሆን ቢቀር እንኳ ይህ ለዕድሜ ልኩ ይጠቅመዋል።

9. ወገንህን አክብር።

ቤትህ የሚመጣ ዘመድ ውሻ ቢፈራ አትሳቅበት። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው ይገድላል፤ ኢትዮጵያ ክፉኛ ከሚያጠቃቸው አገሮች አንዷ ናት። የእናትህ ትውልድ ሰፈሩ ውስጥ የተነከሰ ልጅ አይቶ ነው ያደገው። እንግዳ ሲመጣ ውሻውን ክፍሉ አስገባ ወይም ምንጣፉ ላይ አስተኛው፤ ቡናውም በሰላም ይጠጣ። ቤት ውስጥ ውሻ ሲኖር ጸሎት ለማድረስ ቅር የሚላቸው ሽማግሌ ካሉም አትከራከራቸው።

የበዓል ቀን ደግሞ ሌላ ጠንቅ አለው። ዶሮ ወጥ ውሻን ይመርዛል፤ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሕዋሱን ያጠፋል፣ የበሰለው አጥንት ተሰንጥሮ አንጀቱን ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም አይቅመስ። አክስቶችህ ከፍቅር ብዛት ያጎርሱታልና አስቀድመህ ንገራቸው።

አዲስ አበባ ይዘኸው ልትሄድ ካማረህ መመለሻውን አስብ። አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ከሚያሰጋባቸው አገሮች መዝግባለች፤ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማይክሮቺፕ የሌለው ወይም ስድስት ወር ያልሞላው ውሻ ከዚያ አይገባም። የክትባት ማረጋገጫውን ከመነሣትህ በፊት እዚሁ አስፈርመህ ካልያዝክ መመለሱ ይከብድሃል።

10. ላለመግዛትም ተዘጋጅ።

ሼፐርድ አሥር ዓመት አልፎ ሊኖር ይችላል፤ የውድድሩ ዕድሜ ከዚያ ጥቂቱ ነው። በቀረው ዘመኑ ሪባን ሳያመጣልህ ጠዋት ማታ ይራመዳል፣ ይታመማል፣ ያረጃል። እሱን የማትፈልገው ከሆነ ትርዒቱን ተመልካች ሆነህ እይ፤ ነውር የለውም። የምትፈልገው ከሆነ ግን መጀመሪያ ያለ ውሻ ሁለት ሦስት ውድድር ሂድ፤ ሼፐርድ የሚገባበትን ሰዓት ጠይቀህ ከሪንጉ ዳር ተቀመጥ፤ ውድድራቸውን ከጨረሱ አራቢዎች ጋር ተጨዋወት። ከዚያ የመረጥከውን አራቢ ስም፣ የእናትና የአባቱን የዳሌ ውጤት፣ የዘር ሐረጉንም ላክልኝና አብረን እናንብበው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትክፈል፤ የሚቀጥለውን ውልደት ጠብቅ።