የማስጠንቀቂያ መልእክት አቀባበልና አጻጻፍ

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የኮምፒዩተር መረብ ብዙ መሣሪያዎች ተያይዘው የሚሠሩበት ሥርዓት ነው። መሣሪያዎቹ በየክፍሉና በየሕንፃው ተበታትነው ስለሚገኙ፣ አንድ ባለሙያ ሁሉንም እየተዘዋወረ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ የሌሎቹን ደኅንነት የሚከታተል አንድ መሣሪያ ይመደባል። ሥራውም እንደ ማሳ ጠባቂ ሥራ ነው፤ እንደ ማማ ካለ ቦታ ሆኖ ይመለከታል፤ ጉድለት ሲያይም ይጮኻል። ይህ ጩኸት የማስጠንቀቂያ መልእክት ይባላል።

ይሁን እንጂ ጩኸት ሁሉ እኩል አይደለም። ሲስሎግ በተባለው ደንብ መሠረት መልእክቶች ከ0 እስከ 7 ባሉት ቁጥሮች በስምንት ደረጃ ይከፈላሉ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አደጋው ይከብዳል። 0 ሥርዓቱ ከጥቅም ውጭ መሆኑን፣ 4 ማስጠንቀቂያን፣ 7 ደግሞ ለባለሙያ ምርመራ ብቻ የሚያገለግል ዝርዝርን ያመለክታል። ደረጃ ሳይለይ ሁሉንም ለሰው የሚልክ መሣሪያ ተቀባዩን ያሰለቸዋል፤ የሰለቸ ተቀባይም ዋናውን ከተራው ጋር ሳያነብ ያልፈዋል።

ከጩኸት ብዛት ይልቅ ዝምታ የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። የኤሌክትሪክ መስመሮችም እንደ ኮምፒዩተር መረብ በጠባቂ መሣሪያ ይጠበቃሉ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 2003 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ መቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ በኋላ ሥራውን አቆመ። መቆሙን የሚናገር ሌላ ጠባቂ ግን አልነበረም። ተቆጣጣሪዎቹ መልእክት ባለመምጣቱ ሁሉ ደኅና መሰላቸው፤ ከጎረቤት ኩባንያ በስልክ የተነገራቸውንም ወዲያው አልተቀበሉትም። በዚያው ሰዓት ትላልቅ የኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ከዛፎች ጋር እየተነካኩ ተራ በተራ ይቋረጡ ነበር። 10 ሰዓት ጥቂት አለፍ እንዳለ በአሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያለ ኤሌክትሪክ ቀረ።

ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ መሣሪያ ምንም ችግር ባይኖር እንኳ በየተወሰነ ጊዜ «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል። «አለሁ» ማለቱ ሲቀር፣ መቅረቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ለ. ሰዋስው፤ ማሰሪያ አንቀጽ በመልእክት ውስጥ

የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ዲስክ እየሞላ ነው።
2. የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ዲስክ ሊሞላ ነው።
3. የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ዲስክ ሞልቷል።

የሦስቱም ባለቤት አንድ ነው፤ የሚለያዩት በማሰሪያ አንቀጻቸው ነው። የመጀመሪያው ድርጊቱ በመፈጸም ላይ መሆኑን ይገልጻል፤ ተቀባዩም ምክንያቱን ለመመርመር ፋታ አለው። ሁለተኛው ድርጊቱ ሊፈጸም መቃረቡን ስለሚገልጽ ተቀባዩ አሁኑኑ ቦታ ማስለቀቅ አለበት። ሦስተኛው ድርጊቱ መፈጸሙን ያስረዳል፤ ተቀባዩ የተቋረጠውን ሥራ ወደ ማዳን ይሄዳል። እንግዲህ የአንድ ግሥ መልክ ሲለወጥ የሰው ተግባር እንደሚለወጥ አስተውሉ።

መልእክት ምን፣ የት፣ መቼና ምን ያህል ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠት ይገባዋል። «ችግር ተፈጥሯል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱንም በሚገባ አይመልስም። «የመዝገብ ቤቱ ኮምፒዩተር ዲስክ ሊሞላ ነው፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ላይ ከመቶ 95 እጁ ተይዟል» የሚለው ግን አራቱንም ይመልሳል።

ሐ. መልመጃ

1. «መስመሩ ተበላሽቷል» የሚለው መልእክት ምን ምን ይጎድለዋል? አሟልታችሁ ጻፉት።
2. «ተቋረጠ» የሚለውን ግሥ ከላይ እንደተመለከተው በሦስት መልክ በዓረፍተ ነገር አስገቡ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ተቀባዩ ሊያደርግ የሚገባውን አስረዱ።
3. «ዝምታ ሁልጊዜ ደኅንነት አይደለም» በሚል ርእስ፣ ምንባቡን ማስረጃ በማድረግ አንድ አንቀጽ ጻፉ።