የሾፌር እጥረትና የከብት ክብደት፦ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ክትባት ሳይሆን ስለ ሾፌር ነው። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ከብት የሚጭን ሾፌር አጣን የሚሉ ነጋዴዎች በዝተዋል። ብዙዎቻችሁ ነገሩን በክፍያ ብቻ ለመፍታት ትሞክራላችሁ። እኔ ሾፌሮችን ስጠይቅ ግን ቀድመው የሚያነሱት ማደሪያ ማጣትን ነው። መጸዳጃ የለም፤ መኪናው ሥር ጋደም ቢሉም ጆሯቸው ከብቱ ላይ ነው። ሲሚንቶ የጫነ ባልደረባቸው መኪናውን ቆልፎ ይተኛል፤ ታዲያ ማን ከብት ይመርጣል?

መንገዱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢኬድ፣ የኬላ ቆይታው ሳይቆጠር ከ15 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የኬንያ የትራፊክ ሕግ የንግድ መኪና ሾፌር በ24 ሰዓት ውስጥ በድምሩ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳያሽከረክር ይከለክላል። አንዱን ሾፌር "ነገ ጠዋት ቄራ ድረስልኝ" ስትሉት፣ ሕግ ጣስ፣ ሚራ ቅመህ ንቃ ማለታችሁ ነው።

ለምን አይቆምም? መኪናው ሲሄድ ከብቱ ነፋስ ያገኛል። ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን የተፋፈገው ከብት ሙቀቱን ማስወገድ ያቅተዋል። ጥላ በሌለበት መቆም ከመሄድ ይብሳል፤ ሾፌሩም ይህን ስለሚያውቅ እያንጎላጀ ይነዳል። ድንገት ፍሬን ሲይዝ ሰንጋው ይወድቃል፣ ሌላው ይረግጠዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሙሉ ቀን ያለ ውኃና መኖ የተጓዘ ከብት ከ5 እስከ 10 በመቶ ክብደቱን ሊያጣ ይችላል። መጀመሪያ የሚወጣው ፈርስና ሽንት ስለሆነ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። ጉዞው ሲረዝም የሚሄደው ግን ከሥጋው ነው፤ ያ ቶሎ አይተካም። ለምሳሌ 300 ኪሎ የሚመዝኑ 18 ሰንጋዎች 5,400 ኪሎ ናቸው። ኪሳራው 9 በመቶ ከሆነ 486 ኪሎ፣ 6 በመቶ ከሆነ 324 ኪሎ ነው። ልዩነቱን፣ 162 ኪሎውን፣ በገበያችሁ ዋጋ አባዙትና ከሁለተኛ ሾፌር አበል ጋር አስተያዩት። የተሰበረ እግር ገና አልተቆጠረም።

እኔ የማስቀድመው ሁለት ሾፌር ነው፤ እየተፈራረቁ ይነዳሉ፣ ከብቱም በቶሎ ይደርሳል። አንድ ሾፌር ብቻ ከተገኘ ማደር ግድ ነው። 8 ሰዓቱ የሚያልቀው 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የሜሪሌን የከብት ገበያ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ማደሪያው እዚያው ሜሪሌ ቢሆን ይመረጣል። በየከተማው አታራግፉ፤ ማውረድና መጫን ራሱ ከብቱን ያደክማል፣ ያቆስላል። አንድ ጊዜ፣ ደህና መወጣጫ፣ ጥላና ገንዳ ባለበት ቦታ ይበቃል።

በሰሜን ኬንያ አንዳንድ ገበያዎች የገበያ ማኅበሩ ከካውንቲው ጋር ገቢ ይካፈላል። ስለዚህ በስብሰባ ጠይቁ፦ ጥበቃ ያለው በረት፣ ለሾፌርና ለረዳት አልጋ፣ መታጠቢያ፣ መጸዳጃ። ለአዳር በየመኪናው የምትከፍሉትንም አብራችሁ አቅርቡ፤ ባዶ እጅ የቀረበ ጥያቄ ሲጓተት አይቻለሁ። የሰው ቧንቧ ከከብቱ ገንዳ ይለይ፤ ሾፌሩ ፊቱን የሚታጠበው ከብት ከጠጣበት መሆን የለበትም።