አማተር ሬዲዮ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ምን ይማርበታል?

ሬዲዮ ሲባል ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ቶሎ የሚታየን ስቱዲዮ፣ ማይክሮፎንና ብዙ ሺህ አድማጭ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት ግን ሌላ ዓይነት ሬዲዮ ነው፤ አማተር ሬዲዮ። እዚህ ተናጋሪውም አድማጩም ያው ሰው ነው። ዜና እወጃ የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ደመወዝ የለም። ታዲያ እኛን ምን አገባን? ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን በጣም ያገባናል እላለሁ። ምክንያቴን ከማስረዳቴ በፊት ነገሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚገባበት ላሳይ።

ምንድን ነው?

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በሬዲዮ ደንቡ ውስጥ ለአማተር አገልግሎት ትርጉም ሰጥቶታል። በአጭሩ ሲነገር፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ቴክኒኩን ለመመርመር የሚጠቀሙበት፣ የገንዘብ ጥቅም የማይፈለግበት አገልግሎት ነው። በእኛ አነጋገር "አማተር" ሲባል ያልበሰለ፣ ጀማሪ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ማለት ነው። አርባ ዓመት የሠራ መሐንዲስም እዚህ ሲመጣ አማተር ነው።

በአጭር ሞገድ የተላከ ድምፅ ወደ ሰማይ ወጥቶ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ላይ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። በዚህ ምክንያት በመካከል ሳተላይትም ሆነ የስልክ ማማ ሳይኖር ከአንድ አህጉር ወደ ሌላው መነጋገር ይቻላል። አንቴናውም የግድ ውድ መሆን የለበትም። ለምሳሌ 14 ሜጋኸርዝ ላይ ለመሥራት በጠቅላላው 10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ኬብል የተያያዘበት የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ዋጋው የሚከብደው መሣሪያው ነው።

ክበብ ለምን ያስፈልጋል?

ክበብ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። አንድ ተማሪ ብቻውን የማይችለውን መሣሪያ ክበቡ በጋራ ይይዛል። ከዚያም በላይ በመጽሐፍ የማይገኝ ነገር፣ ማለትም መቼ መናገር፣ መቼ ዝም ማለት እንደሚገባ የሚያሳይ ሰው አጠገብ ይኖራል።

በአገራችን የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። የማኅበሩ የክበብ ጣቢያ በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የቆየ ሲሆን የጥሪ መለያው "ኢ ቲ 3 ኤ ኤ" ነው። "ኢ ቲ" የሚለው መነሻ ለኢትዮጵያ የተመደበ ስለሆነ የትም ዓለም ያለ አማተር ሲሰማው ከየት እንደተጠራ ወዲያው ያውቃል። ድምፅ ሲቆራረጥ ፊደሎቹ እንዳይምታቱ ደግሞ "ኤኮ፣ ታንጎ፣ ሦስት፣ አልፋ፣ አልፋ" ተብሎ ይነገራል። ከኢትዮጵያ የሚናገር አማተር ጥቂት በመሆኑ ይህ መለያ ሲሰማ ብዙ ሰው ተሽቀዳድሞ ይጠራዋል።

ፈቃዱስ?

የሬዲዮ ሞገድ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ማንም ተነስቶ አያስተላልፍበትም። በአገራችን ይህን ሀብት የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የራሱን ጣቢያ የሚያስብ ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ክበቡንና ባለሥልጣኑን መጠየቅ አለበት።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ለማየት የአሜሪካን አሠራር ልጥቀስ፤ ሙሉ ደንቡ ታትሞ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ እዚያ ዘመድ ያላቸው ብዙ አንባቢዎች ሊጠቅማቸው ይችላል። ፈቃዱ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ሲሆን ለማለፍ 26 መመለስ ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ ከነመልሳቸው አስቀድመው ለሕዝብ ይታተማሉ። የሚፈትኑትም ራሳቸው ፈቃድ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከሦስት አያንሱም። የዕድሜ ገደብ የለም፤ ዜግነትም አይጠየቅም፣ የውጭ መንግሥት ተወካይ ካልሆኑ በስተቀር። የሞርስ ፈተና እ.ኤ.አ. በ2007 ቀርቷል። የተሰጠ ፈቃድ ለ10 ዓመት ያገለግላል።

እኛን የሚነካው አንቀጽ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። የአሜሪካው ደንብ አማተር ጣቢያ ለሕዝብ ስርጭት እንዳይውል ይከለክላል። በዚህም አያበቃም፤ ለብሮድካስት የሚሆን ዜና መሰብሰቢያ እንዳይሆንም ይከለክላል። ልዩ ሁኔታው አንድ ነው፤ የሰው ሕይወት ወይም ንብረት አደጋ ላይ ሲወድቅና መልእክቱን በጊዜው ለማድረስ ሌላ መንገድ ሲጠፋ።

ይህን አንቀጽ ሳነብ እውነቱን ለመናገር ከነከነኝ። መረጃ ማድረስ ሥራችን ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ድንበር አይገታውም፤ ታዲያ ለምን እንከልከል? ቆይቼ ሳስበው ግን ክልከላው ጋዜጠኛን ለመጉዳት የተጻፈ አልመሰለኝም። አማተሩ ለጣቢያዎች የነፃ ዘጋቢ ቢሆን፣ ያለ ጥቅም የሚነጋገሩበት ሞገድ ቀስ በቀስ የገበያ ቦታ ይሆናል። መንግሥትም ፈቃድ በሰጠ ቁጥር አዲስ የዜና ጣቢያ የከፈተ ይመስለዋል። ያኔ በሩ ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ ደግሞ በክፉ ቀን የሚናገር አይኖርም።

ክፉ ቀን ስል ተረት እያወራሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ መብራቱም ስልኩም ተቋረጠ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ወደ ደሴቲቱ የሚሄዱ እስከ 50 የሚደርሱ አማተሮች እንዲፈለጉለት የአማተሮቹን ብሔራዊ ማኅበር ጠየቀ። የተፈለጉት የታወቀ ድምፅ ስላላቸው ሳይሆን የሰማነውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማስተላለፍ ስለለመዱ ነው።

ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ማዳመጥ። ሞገዱ ተይዞ እንደሆነ ሳያጣራ የሚናገር አማተር ነውረኛ ነው።

ሁለተኛ፣ በስም መናገር። በአሜሪካው ደንብ አማተር ቢያንስ በየ10 ደቂቃውና ንግግሩ ሲያልቅ የጥሪ መለያውን መናገር አለበት። ትርጉሙን ለመደበቅ በምስጢር ቃል መናገርም ክልክል ነው። ስም አልባ ወሬ በበዛበት በዚህ ዘመን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ መመዝገብ። ቀን፣ ሰዓት፣ ፍሪኩዌንሲ፣ ያነጋገሩት ሰው መለያና የድምፁ ጥራት በመዝገብ ይሰፍራል። ሰዓቱ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በመሆኑ የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት እዚያ ላይ 18፡00 ይሆናል። ደካማ ድምፅ ሰምቶ "ጥርት ብለህ ትሰማለህ" ማለት ወዳጅነት አይደለም፤ ሰውዬው አንቴናውን እንዳያስተካክል ማሳሳት ነው። እኛስ ምንጫችንን ደስ ለማሰኘት ስንት ጊዜ እንዲህ እንል ይሆን?

ለመጀመር ገንዘብም ፈቃድም አይጠይቅም፤ ፈቃድ የሚያሻው ለማስተላለፍ ነው። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ክበብ ያዘጋጀውን ዓይነት የኢንተርኔት መቀበያ ከፍቶ 14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ማዳመጥ ይቻላል። የተለመደው የቤት ሬዲዮ ግን የአማተሮችን ድምፅ እንደ ዳክዬ ጩኸት አድርጎ ስለሚያሰማ ተስፋ አትቁረጡ፤ ለዚያ ዓይነት ስርጭት የተሠራ መቀበያ ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት አዳምጡ፤ የሰማችሁትን መለያ ሁሉ መዝግቡ። ከዚያ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ክበብ ሂዱ። ከመናገሩ በፊት ሲያዳምጥ የሰነበተ ሰው የትኛውም ክበብ ውስጥ ደስ ብሏቸው የሚቀበሉት ይመስለኛል፤ ዜና ክፍል ውስጥም እንደዚያው።