የእጃችሁን ሥራ አትሸሽጉ

ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ዳር ብዙ ክብ ቤቶችን ያያል። ጣራቸው ሣር ነው፤ ግድግዳቸውም በእንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ነው። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ከውጭ በኩል በቀለም ያጌጡ ናቸው። በአንዱ ግድግዳ ላይ እንስሳ፣ በሌላው ላይ አበባ፣ በሌላው ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ መስመር ተሥሎ ይታያል።

ልጆች ሆይ፤ ይህን ነገር ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ይህ ሥዕል የተሣለው በጓዳ ውስጥ አይደለም፤ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ነው። ወደ ገበያ የሚሄደውም፣ ከብት የሚነዳውም፣ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ የምትመለሰውም ያየዋል። አንዱ ያደንቀዋል፤ ሌላው «የበሬው ቀንድ ረዘመ» ይላል። የቤቱ ባለቤት ግን ሰው ይናገራል ብሎ ግድግዳውን አይሸፍነውም። ዝናብ ቀለሙን ቢያደበዝዘውም እንደ ገና ያድሰዋል።

አሁን ደግሞ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ከተማ የምትኖር አንዲት ተማሪ እናስብ። ይህች ልጅ ማታ ትምህርትዋን ካጠናች በኋላ በደብተርዋ ላይ ሥዕል ትሥላለች። የአምባሪቾን ተራራ፣ በጓሮ ያለውን እንሰት፣ የአያትዋንም ፊት ትሥላለች። እጅዋ መልካም ነው። ነገር ግን የሰው ኮቴ በሰማች ጊዜ «ይሥቁብኛል» ብላ ደብተርዋን ፈጥና ትዘጋለች፤ ከሣጥን ውስጥም ትከተዋለች። ዓመት ካለፈ በኋላ ሣጥኑን ብትከፍት፣ አይጥ ደብተሩን ቈርጥሞት ታገኛለች። በዚያው ዓመት አያትዋ ሞተው ቢሆንስ? ያን ፊት ሌላ ማንም አልሣለውም፤ አያትዋም የልጅ ልጃቸው እንዴት በፍቅር እንደ ሣለቻቸው ሳያዩ ሄዱ። እንግዲህ ይህችን ልጅ የጐዳት ማን ነው? የሚሥቅባት ሰው ገና አልመጣም ነበር። የጐዳት የገዛ ፍርሃትዋ ነው።

ብዙ ሰዎች ፍርሃትን ትሕትና ነው ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። ትሑት ሰው «ሥራዬ ጉድለት አለበት» ብሎ ያሳያል። ፈሪ ሰውም «ሥራዬ ጉድለት አለበት» ይላል፤ ግን ይሸሽጋል። ቃላቸው አንድ ነው፤ ፍጻሜያቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። የፊተኛው ጉድለቱን የሚነግረው ሰው አግኝቶ ያርማል፤ የኋለኛው ግን ከነጉድለቱ ይኖራል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው የተናገሩት ለእንዲህ ያለውም ሰው ይሆናል።

ጌታችንም ስለ መክሊት ባስተማረው ምሳሌ ይህንኑ ያስረዳናል። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፣ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ መክሊቱን በምድር ቀበረው። ስለ ምን ቀበርኸው ቢባል ምክንያቱ ፍርሃት ነበረ። ጌታው የተቈጣው መክሊቱ አንድ ብቻ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሳይሠራበት ስለ ቀበረው ነው።

በአገራችን የእጃቸውን ሥራ ለሕዝብ ለማሳየት ከደፈሩት ሰዎች አንዱ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እርሳቸው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓመት በአንኮበር ተወለዱ። በ1947 የማዕድን ምሕንድስና ይማሩ ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። በዚያ ግን መምህራን የሥዕል ስጦታቸውን አይተው አበረታቱዋቸው፤ ትምህርታቸውንም ወደ ሥዕል መለሱ። ሥዕላቸውን ሸሽገው ቢሆን ኖሮ ስጦታቸውን ማን ያውቅላቸው ነበር?

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1954፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ገደማ፣ በአዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥዕላቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ከዚህ በተገኘው ገንዘብ ወደ አውሮፓ ሄደው በልዩ ልዩ አገር ተዘዋውረው ጥበብን ተመለከቱ፤ ባለ ቀለም መስተዋት የሚሠራበትንም ዕውቀት ተማሩ። በዚህ ዕውቀት በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየውን ታላቅ የመስተዋት ሥዕል ሠሩ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግልዋንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። አዳራሹም በ1961 ተመረቀ።

የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውሉ። አስቀድመው የወጣትነት ሥራቸውን አሳዩ፤ ማሳየታቸው ገንዘብን፣ ገንዘቡም ትምህርትን፣ ትምህርቱም ታላቁን ሥራ አመጣላቸው። «ፍጹም ሠዓሊ ስሆን ያን ጊዜ አሳያለሁ» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ መንገዱ አይከፈትላቸውም ነበር።

ነገር ግን ሥራውን የሚያሳይ ሰው ሁሉ ወዲያው ምስጋናን አያገኝም። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸውም በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምረው ተመለሱ፤ በ1963 በአዲስ አበባ ሥራቸውን አሳዩ። ከሥዕሎቻቸው ብዙዎቹ የሰው ወይም የዛፍ መልክ የማይለይባቸው፣ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገሩ ነበሩ። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን ሥዕል አልለመደም ነበርና አልገባንም ያሉ፣ የነቀፉም ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ግን ሥራቸውን አልተዉም፤ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ወጣቶችን አስተማሩ። በ1981 በአሜሪካ አገር፣ ከአገራቸው ርቀው ሞቱ። በጀርመን አገር የነበሩ ሥዕሎቻቸው ግን ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ በ2008 በስማቸው በተከፈተው ቤተ መዘክር ለሕዝብ ታዩ። የነቃፊዎች ቃል በአየር ላይ ቀረ፤ የተሠራው ሥራ ግን ቆመ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ፣ ድፍረትም የሚገኘው ቀስ በቀስ ነው። አስቀድማችሁ ሥዕላችሁን ለሚወድዳችሁ ለአንድ ሰው፣ ለእናታችሁ ወይም ለታላቅ ወንድማችሁ አሳዩ። ቀጥሎ ወደ መምህራችሁ ወስዳችሁ «ምን ጐደለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ጓደኞቻችሁ ሁሉ እንዲያዩት በክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። የሚነቅፍ ሰው ቢመጣ በቍጣ አትመልሱለት። የተናገረው እውነት ከሆነ ሥራችሁን አርሙበት፤ እውነት ካልሆነ ተዉት። ሥራችሁንም የምታሳዩት ለመመካት አይሁን፤ ለመማርና ሌላውን ደስ ለማሰኘት ይሁን እንጂ።

ለሚያዩትም ደግሞ የሚገባ ሥርዓት አለ። ጓደኛችሁ ሥዕሉን ባሳያችሁ ጊዜ አትሣቁበት። ልቡን ከፍቶ አምኖአችኋልና አስቀድማችሁ መልካሙን ንገሩት፤ ጉድለቱንም በፍቅር አስረዱት። በአንድ ቀን ሣቅ የተዘጋ ደብተር ሳይከፈት ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። መልካም ቃል ግን የተዘጋውን ይከፍታል።

ጥያቄ

1. በመንገድ ዳር ያሉት ቤቶች ሥዕላቸው በየት በኩል ነው?
2. ትሑት ሰውና ፈሪ ሰው በምን ይለያሉ?
3. አፈወርቅ ተክሌ በ1954 ሥዕላቸውን ማሳየታቸው ምን አስገኘላቸው?
4. ጓደኛችሁ ሥራውን ሲያሳያችሁ ምን ልታደርጉ ይገባችኋል?