የበረሃ ምንጭና በውስጡ የተሰናሰለው ሕይወት



ምንጭ ስናጎለብት አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት አባወራ እንደሚያጠጣ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። በምንጭ ውስጥ ፀሐይ አልጌን ታበቅላለች፤ አልጌውን ቀንድ አውጣዎችና የነፍሳት እጮች ይመገባሉ፤ እነርሱንም ዓሣዎች ይመገባሉ። በበረሃ ደግሞ ዙሪያው ደረቅ ስለሆነ፥ ይህ መረብ ሲበጠስ ፍጥረታቱ መሸሻ የላቸውም።

በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት የሚገኘው ዴቪልስ ሆል በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ያለ ሙቅ ኩሬ ነው። ርዝመቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ፐፕፊሽ የተባለ ዓሣ ይኖርበታል፤ ይህ ዝርያ በተፈጥሮ ሌላ መኖሪያ የለውም። ዓሣው በአብዛኛው የሚመገበውና እንቁላሉን የሚጥለው ፀሐይ በሚያርፍበት፥ ጥልቀት በሌለው አንድ የዐለት መደብ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአቅራቢያው ለመስኖ የከርሰ ምድር ውሃ በሞተር ይሳብ ጀመር፤ የኩሬውም ውሃ ወረደ። ኩሬው አልደረቀም፤ መደቡ ግን ከውሃ በላይ ይወጣ ጀመር፤ ማዕዱም ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የውሃ መሳቡ እንዲገደብ ወሰነ። ውሃው ከፍ ቢልም ወደ ቀድሞው ልክ አልተመለሰም።

በዚያው አካባቢ ባሉት የአሽ ሜዶውስ ምንጮች ሌላ ጉዳት ደረሰ። ከውጭ የገቡት የሸርጣን ዘመድ የሆነው ክሬይፊሽ፥ ትልልቅ እንቁራሪቶችና ጋምቡዚያ የተባለው ዓሣ የነባሮቹን እንቁላልና ግልገል በሉ፤ ምግባቸውንም ተሻሙ። አንድ ነባር የዓሣ ዝርያ ፈጽሞ ጠፋ። ውሃ ሲቀንስ ነባሩ ፍጥረት ይዳከማል፤ የተዳከመውንም መጤው በቀላሉ ያሸንፈዋል።

በአገራችንም በአፋር የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ከሩቅ የመጣ ዛፍ ነው። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ይዘራሉ። ስለዚህ የከብት ገንዳ ከምንጩ ዐይን ራቅ ብሎ ይሠራ፤ ዙሪያውም ይታጠር፤ የበቀለው ችግኝም ሥር ሳይሰድ ይነቀል። እንግዳ ዓሣም ወደ ምንጭ አይጨመር። ቧንቧ ከመዘርጋቱ በፊት በበጋው ማብቂያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይለካ፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ከሚፈልቀውም ውሃ ከፊሉ በቀድሞ መውረጃው እንዲፈስ ይተው።

ለውይይት፦ በሰበካችን ያለው ምንጭ ከ10 ዓመት በፊት እስከ የት ይፈስ ነበር? ዛሬስ? በውስጡ ይታይ የነበረና አሁን የማይታይ ፍጥረት አለን? አረጋውያንን ጠይቀን መልሱን እንመዝግብ።