ሁለት ሰዎች በአንድ መቃብር

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር ሰው በሞተ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ትቶ ይመጣል። ጐልማሶች መቃብር ይቈፍራሉ፤ ሴቶች ለሐዘንተኛው እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፤ ሽማግሎች ያጽናናሉ። ሟቹ ድኻ ቢሆንም ይህ አይቀርበትም። ሙታንን በክብር መቅበር ትናንት የተዠመረ ልማድ አይደለም፤ ጽሕፈትና ማረሻ ሳይታወቁ በፊት ሰዎች ያደርጉት ነበር።

በደቡብ ኢትዮጵያ በጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ዐባይን ተሻግሮ በጎጃም ካለችው ከሞጣ ከተማ ስም ጋራ ይቀራረባል እንጂ ቦታው ሌላ ነው። በዚህ ዋሻ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012 ዓመት ሊቃውንት መሬቱን ቈፍረው፥ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ሰው ዐፅም አገኙ። ሰውየው ከሞተ 4500 ዓመት ያህል ሆኖታል። ስሙንም ባይራ አሉት፤ ይኸውም በጋሞ ቋንቋ በኵር ማለት ነው። ባይራ ብቻውን ተኝቶ ነበር።

ከርሱ እጅግ የሚቀድም፥ ሁለት ሰዎች ዐብረው የተኙበት መቃብር ደግሞ በኢጣልያ አገር ተገኝቷል። ቦታው በካላብሪያ አውራጃ፥ በፓፓሲዴሮ አጠገብ ያለው የሮሚቶ ዋሻ ነው። መቃብሩ የተገኘው በ1963 ዓመት ሲሆን፥ ሰዎቹ ከሞቱ ከ12000 ዓመት ይበልጣል። አንደኛው ሰው ሌላውን በክንዱ እንዳቀፈ ሆኖ ተቀብሯል። የታቀፈው ገና ወጣት ነበር፤ ነገር ግን ቁመቱ 110 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም የአምስት ዓመት ሕፃን ቁመት ነው። እጆቹና እግሮቹ እጅግ አጫጭር ነበሩ። ያቀፈው ሰው ቁመት 145 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ሊቃውንቱ ብዙ ዘመን ተጨነቁ። እነዚህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ምን ነበሩ? ስለ ምን በአንድ ጕድጓድ ተቀበሩ? በዐጥንታቸው ላይ የመቍሰል ምልክት አልታየም። አጭሩ ወንድ ልጅ ነው ተብሎም ለብዙ ጊዜ ታሰበ።

መልሱ የተገኘው ከ60 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። በራስ ቅል ውስጥ፥ በጆሮ አጠገብ፥ እጅግ የጠነከረ ዐጥንት አለ። በደንብ የተመረገ ጎታ እህልን እንደሚጠብቅ፥ ይህ ዐጥንት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዘረ መል ለብዙ ሺህ ዓመት ይጠብቃል። የባይራም ዘረ መል የተነበበው ከዚሁ ዐጥንት ነው። የሮሚቶ ሰዎች ዐጥንት በተመረመረ ጊዜ፥ ሁለቱም ሴቶች ሆነው ተገኙ። የቅርብ ዘመዶችም ነበሩ፤ ምናልባትም እናትና ልጅ። እንግዲህ ወንድ ነው የተባለው ሴት ልጅ ነበረች። ስሕተትን ማረም ለሊቅ ነውር አይደለም፤ ክብር ነው እንጂ።

የልጅቱ ማጠር ምክንያትም ታወቀ። ሰው ዘረ መሉን ከእናቱም ከአባቱም ይቀበላል። አጥንትን ከሚያሳድጉት አንዱ ዘረ መል በልጅቱ ላይ በሁለቱም ወገን ተበላሽቶ ነበር፤ ስለዚህ አካሏ ሳያድግ ቀረ። በታላቂቱ ላይ ግን በአንድ ወገን ብቻ ስለ ተበላሸ፥ ጥቂት ከማጠር በቀር ሌላ ጉዳት አላገኛትም። እንግዲህ የልጅቱ ማጠር የማንም ጥፋት አልነበረም።

በዚያ ዘመን እርሻ የለም፤ ጎተራ የለም፤ የጭነት ከብትም የለም። ሰዎች አውሬ እያደኑ፥ ፍሬና ሥር እየለቀሙ፥ ከቦታ ወደ ቦታ እየሄዱ ይኖሩ ነበር። እግሩ አጭር የሆነ ሰው ከአዳኞች ጋራ እኩል ሊሄድ አይችልም። ልጅቱ ግን በሕፃንነቷ አልሞተችም፤ እስከ ወጣትነቷ ደረሰች። ይህም የሆነው ሌሎች ያገኙትን ምግብ ስላካፈሏት፥ በመንገድም ስለ ጠበቋት ነው። በመጨረሻም እንደ ተጣለ ነገር አልጣሏትም፤ በዘመዷ ክንድ ውስጥ አኖሯት። መቃብር የሞተውን ብቻ አይናገርም፤ የቀበሩትንም ሰዎች ጠባይ ይናገራል።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። ዛሬም ከገደል ሥር ካለ መንደር ተነሥቶ፥ ዳገቱን እያነከሰ ወደ ትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ይገኛል። ጓደኞቹ ቢሮጡ ይቀድሙታል። ከነርሱ አንዱ፦ ድንክ፥ አንካሳ፥ እያለ ቢሰድበው፥ ፊደል የማያውቁት የዋሻ ሰዎች በልጠውት ይገኛሉ። ሌላው ግን ቆሞ ቢጠብቀው፥ ደብተሩንም ቢይዝለት፥ ሁለቱ ዘግይተውም ቢሆን ዐብረው ይደርሳሉ። ጠንካራ ጕልበት የተሰጠው ሰው የተሰጠው ለብቻው ለመቅደም አይደለም።

ጥያቄ።
1. ባይራ ማለት ምን ማለት ነው? ዐፅሙስ የት ተገኘ?
2. ሊቃውንት ስለ ልጅቱ አስቀድመው ምን ተሳስተው ነበር? እንዴትስ ታረመ?
3. ልጅቱ እስከ ወጣትነቷ በመኖሯ ስለ ዘመዶቿ ምን ይታወቃል?